እጅ የት ይጀምራል? የራጅ ምስልና የታካሚ ካርድ የሚገናኙበት ዕውቀት

«ወድቄ እጄን ተጎዳሁ» የሚል ሰው ድንገተኛ ክፍል መጣ እንበል። በአማርኛችን እጅ ከጣት ጫፍ ተነሥቶ ትከሻ ድረስ ይዘልቃል። መዳፉም እጅ ነው፣ አንጓውም እጅ ነው፣ ክርኑና ከክርን በላይ ያለውም እጅ ነው። ሐኪሙ አይቶና ነካክቶ የተጎዳው የቀኝ አንጓ መሆኑን ይለያል። የራጅ መጠየቂያው ላይ ግን፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነውና፣ «የቀኝ እጅ ራጅ» ብሎ ጽፎ ይሰጠዋል። የራጅ ባለሙያው ወረቀቱን ያያል፣ ታማሚውንም ያያል፣ ከዚያ «የቱ ጋ ነው ያመመህ?» ይለዋል። ታማሚው በሌላው እጁ አንጓውን ይዞ ያሳየዋል። ነገሩ ተስተካከለ።

ያቺ አጭር ጥያቄ በማንም መዝገብ ላይ አትሰፍርም። ሥራው ሁሉ የተቃናው ግን በእርሷ ነው። የራጅ ባለሙያው አንጓ የእጅ ክፍል መሆኑን፣ የአንጓ ራጅና የክርን ራጅ አነሣሣቸው የተለያየ መሆኑን፣ ሐኪሙም «እጅ» ሲል ሁሉንም ማለቱ እንዳልሆነ ያውቃል። ይህን ማንም በወረቀት ጽፎ አልሰጠውም። ወረቀቱ ቀርቶ ትእዛዙ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲሄድስ? ያን ጊዜ «የቱ ጋ ነው?» የሚል የለም። ስለ ሕክምና ምስልና ስለ ሆስፒታል መረጃ ሥርዓት ግንኙነት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ገመድ፣ ስለ ሰርቨርና ስለ ሶፍትዌር ዋጋ ነው። እኔ የማምነው ግን ዋናው ችግር ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ መሆኑን ነው።

በሆስፒታል ውስጥ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን፣ ግን ሳይተዋወቁ አደጉ። አንደኛው ከካርድ ክፍልና ከሒሳብ ክፍል የተነሣው ነው፤ ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የታዘዘ መድኃኒት፣ የተከፈለ ገንዘብ ይይዛል። ሁለተኛው ምስል ክፍል ውስጥ የተወለደው ነው። የመጀመሪያው ታካሚ ለንደን በሚገኘው በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል በሲቲ ስካን የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ማሽኖቹ በዙ፤ ነገር ግን አንዱ ፋብሪካ የሠራው ማሽን ያነሣውን ምስል የሌላው ኮምፒውተር አይከፍተውም ነበር። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር በ1983 ኮሚቴ አቋቁመው በ1985 የመጀመሪያውን መስፈርት አወጡ፤ እርሱም በ1993 ዛሬ ዳይኮም የምንለው ሆነ። በካርዱ ወገን ደግሞ በ1987 የተመሠረተው ኤችኤል ሰቨን የጽሑፍ መልእክቶችን አቀራረጽ ደነገገ። ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት አይኤችኢ የተባለው ጥምረት በ1998 ተነሣ።

ይህ ሥራ ያመጣውን ለውጥ አቃልሎ ማየት ግፍ ነው። የተሟላ ሥርዓት ባለበት ሆስፒታል ሐኪሙ ሲያዝ የታካሚው ስም ሲቲ ስካኑ አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ባለሙያው ስሙን እንደገና አይጽፍም፣ ከዝርዝሩ ይመርጣል። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ የጥያቄ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ምስሉም ሪፖርቱም ያንን ቁጥር ተሸክመው ይሄዳሉ። ሲዲ በፌስታል ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል የተመላለሰ፣ «ይሄ እኛ ጋ አይከፍትም፣ እንደገና ይነሣ» ተብሎ ሁለተኛ የከፈለ አስታማሚ፣ ይህች ቁጥር ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ይገባዋል።

ቁጥሯ ግን የምታገናኘው ፖስታውን ነው። በፖስታው ውስጥ ያለውን አታነብም። ዳይኮም በእያንዳንዱ ምስል ራስጌ ላይ «የተመረመረው የአካል ክፍል» የሚባል ሣጥን አለው። በጀርመን አኸን ከተማ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ሣጥን ከምስሉ ጋር ሲያስተያዩት 15.3 በመቶ በሚሆኑት ላይ የተሞላው ስሕተት ሆኖ አገኙት። ነገሩ የቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ማሽኑ ሣጥኑን የሚሞላው ባለሙያው ከመረጠው የአነሣስ ፕሮግራም ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ለጨረሩ መጠን የሚስማማውን ፕሮግራም ይመርጣል፣ ሣጥኑ ውስጥ የሚጻፈውን ቃል ብሎ አይደለም። ለእርሱ ምስሉ ጥሩ ወጥቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ «የአንጓ ራጆችን ሁሉ አምጣልኝ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ግን ያ ምስል የጠፋ ነው።

የዕውቀት ሞዴል የሚገባው እዚህ ነው። ባለሙያዎቹ ኦንቶሎጂ ይሉታል። መዝገበ ቃላት አይደለም፤ መዝገበ ቃላት «አንጓ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ለሰው ይነግራል፣ ሰውም አንብቦ ይረዳል። ኦንቶሎጂ ነገሮችን በተወሰኑና ትርጉማቸው በታወቀ ዝምድናዎች ያያይዛል፦ አንጓ የእጅ ክፍል ነው፤ ራዲየስ የክንድ አጥንት ነው፤ ስብራት የጉዳት ዓይነት ነው፤ የራዲየስ ስብራት ማለት ቦታው ራዲየስ፣ ዓይነቱ ስብራት የሆነ ነገር ነው። ማሽን ትርጉም አይገባውም፤ ሰንሰለት መከተል ግን ይችላል። «የእጅ ስብራት ያለባቸውን ታካሚዎች» ብለው ሲጠይቁት፣ ማንም ሰው በካርዱ ላይ «እጅ» የሚል ቃል ባይጽፍም፣ ከራዲየስ ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ እጅ ወጥቶ ታካሚውን ያገኘዋል።

የሰውን አካል በዚህ መንገድ የመዘገበው ትልቁ ሥራ በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሲያትል፣ ኮርኒሊየስ ሮስና ሆሴ ሜሂኖ የመሩት የአናቶሚ መሠረታዊ ሞዴል ነው። ወደ 75,000 የሚጠጉ የአካል ዓይነቶችንና ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ዝምድናዎችን ይዟል። የዝምድናው ዓይነት ራሱ 168 ነው፤ «ክፍሉ ነው» አንዱ ብቻ ነው፣ «ይጎራበተዋል»፣ «ደም ያደርሰዋል»፣ «ወደ እርሱ ይፈስሳል» የሚሉም አሉ። የሰሜን አሜሪካ የራዲዮሎጂ ማኅበር በበኩሉ ራድሌክስን አዘጋጀ፤ እርሱ የራዲዮሎጂስት ቋንቋ ነው፣ በምስል ላይ የሚታየውን ጥላ፣ ጠርዝና ቅርጽ ሁሉ ይሰይማል። ለመላው ሕክምና ደግሞ ከ350,000 በላይ ጽንሰ ሐሳቦች ያሉት ስኖሜድ ሲቲ አለ፤ በ2002 ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሁለት ሥራዎች ተዋሕዶ የተፈጠረ ነው። ምርመራዎችን በስም የሚለየው ሎይንክም ከ1994 ጀምሮ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ሲዘጋጅ ቆይቶ፣ በ2017 ከራድሌክስ የምርመራ ስሞች ጋር አንድ ሆኗል።

እነዚህ ሁሉ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ለእኔ ከሁሉ የገለጸልኝ የጀርመን ምሳሌ ነው። የጀርመን ፌዴራል መንግሥት ከ2007 እስከ 2012 በደገፈው ቴሴውስ በተባለው መርሐ ግብር ውስጥ ሜዲኮ የሚባል ክፍል ነበር፤ ሲመንስ፣ የጀርመን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ማዕከልና ሌሎችም ነበሩበት። ከተመለከቷቸው በሽታዎች አንዱ ሊምፎማ፣ የንፍፊት ካንሰር ነው። የሊምፎማን ደረጃ ለማወቅ ሐኪሞች በ1971 የወጣውን የአን አርበር አከፋፈል ይከተላሉ፤ አከፋፈሉ የቆመውም ድያፍራም ላይ ነው፣ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ። ያበጠው ንፍፊት በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደረጃ አንድ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ቦታ ሆኖ ሁሉም ከድያፍራሙ በአንድ ወገን ከሆነ ደረጃ ሁለት። ከላይም ከታችም ከሆነ ሦስት። ከንፍፊት አልፎ እንደ ጉበትና መቅኔ ባሉ ቦታዎች ከተሠራጨ አራት።

አሁን ራዲዮሎጂስቱ በአንገት ላይና በብሽሽት ላይ ያበጡ ንፍፊቶች አገኘ እንበል። ሪፖርቱ «አንገት፣ ብሽሽት፣ መጠናቸው ይህን ያህል» ይላል። «ድያፍራም» የሚል ቃል የለበትም፤ ለምን ይኑርበት? ካርዱን የያዘው ሐኪም አንብቦ «ከላይም ከታችም ነው፣ ሦስተኛ» ይላል። የሚያየው ማሽን ከሆነ ግን «አንገት» እና «ብሽሽት» ሁለት ባዶ ቃላት ናቸው። የአካሉ ሞዴል ሲታከልበት አንገት ከድያፍራም በላይ፣ ብሽሽት ከድያፍራም በታች መሆኑ ይታወቃል፤ የበሽታው ሞዴል ሲታከልበት ሕጉ ይታወቃል፤ ውጤቱም ወደ ታካሚው መዝገብ ይሄዳል። በካርዱ ላይ ቀድሞ «ደረጃ ሁለት» ተጽፎ ከሆነ ሥርዓቱ አለመጣጣሙን ለሐኪሙ ያሳያል። ወይ በሽታው ገፍቷል፣ ወይ ቀድሞ የተሳተ ነገር አለ። ሁለቱም ሐኪሙ በዚያው ዕለት ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው። እንዲህ ያለው መደምደሚያ በምስሉ ብቻም በካርዱ ብቻም አይገኝም።

መንገዱ በተቃራኒውም ይሠራል፣ ከካርዱ ወደ ምስሉ። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጥ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ አለ። ኩላሊቱ በጣም የደከመና ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ታካሚ ይህ ፈሳሽ ሲሰጠው መድኃኒቱን ለ48 ሰዓት እንዲያቆም ይመከራል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን «ሜትፎርሚን» ሳይሆን «ግሉኮፋጅ» ቢሆንስ? የንግድ ስም ነው፣ ያው መድኃኒት ነው። የሲቲ ስካን ክፍሉ ኮምፒውተር ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ካላወቀ፣ የኩላሊቱን ውጤትም ከላቦራቶሪ ካላየ፣ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መረጃው በሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉ አለ። የሌለው ዝምድናው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ድካም የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስቀርቶታል ይላሉ። ምስሉንና ሪፖርቱን በብዛት ስጡት፣ ራሱ ይማራል ነው የሚሉት። አልስማማም፤ ምክንያቴም የታወቀ ታሪክ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2017 ከ30,805 ታካሚዎች የተወሰዱ 112,120 የደረት ራጆችን ለሕዝብ ለቀቁ። የበሽታዎቹ ስሞች የተገኙት ኮምፒውተር ሪፖርቶቹን አንብቦ ነው። ትልቅ ስጦታ ነበር፣ ብዙ ምርምርም ተሠርቶበታል። ቆየት ብሎ ግን ምስሎቹን አንድ በአንድ ያዩ ራዲዮሎጂስቶች በስሞቹ ላይ ብዙ ስሕተት አገኙ። ኒሞቶራክስ፣ ማለትም በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር መግባት፣ የተባሉት ብዙዎቹ ምስሎች ቀድሞውኑ የታከሙ ሰዎች ናቸው፤ አየሩን የሚያወጣው ቱቦ ደረታቸው ላይ ይታያል። ማሽኑ በሽታውን ሳይሆን ቱቦውን መፈለግ ሊማር ይችላል። ቱቦ ያለው ሰው ሐኪም ያገኘው ነው፤ ሊደረስለት የሚገባው ቱቦ የሌለው ነው። «የደረት ቱቦ የኒሞቶራክስ ሕክምና ነው» የምትል አንዲት መስመር፣ ከካርዱ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ጋር ተያይዛ ቢሆን፣ እነዚህን ምስሎች ለይታ ታወጣቸው ነበር።

ይህን ስል የዕውቀት ሞዴል ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። የአናቶሚው ሞዴል የሚገልጸው መልካም፣ ሙሉና ጤናማ አካልን ነው፤ በሞዴሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ሁለት ኩላሊት አለው፣ ልቡም በግራ ነው። ሆስፒታል የሚመጣው ግን አንድ ኩላሊቱ የወጣ፣ ጣፊያው የተነቀለ፣ አንዳንዴም አካሉ ከተወለደ ጀምሮ ግራና ቀኙ የተገላበጠ ሰው ነው። ሞዴሉን እንደ ሕግ ብቻ የሚያነብ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ታካሚ ስሕተት ነው ይለዋል። ሌላም አለ። የሆስፒታል ዳታቤዝ ያልተጻፈውን እንደሌለ ይቆጥራል፤ ኦንቶሎጂዎች የሚጻፉበት፣ በ2004 የጸደቀው ኦውል የተባለው ቋንቋ ግን ያልተጻፈውን «አይታወቅም» ብሎ ይይዘዋል። ካርዱ ላይ ስለ ኩላሊት ሕመም ምንም ካልተጻፈ ኩላሊቱ ደኅና ነው ወይስ ማንም አልመረመረውም? ሁለቱን ዓለም የሚያገናኝ ሰው ይህን ጥያቄ በየሣጥኑ መመለስ አለበት፤ በችኮላ የተመለሰ እንደሆነ የሚጎዳው ታካሚው ነው። ራድሌክስ፣ ስኖሜድና የአናቶሚው ሞዴልም አንድን ነገር በሦስት መንገድ ይከፋፍሉታል፤ የማስማማቱ ሥራ አድካሚ ነው፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥርም ይመለሳል። ገንዘብ ሰጪዎች ይህን ሥራ አይወዱትም፣ የሚመረቅ ሕንፃ የለውምና።

ወደ አገራችን ስመለስ ነገሩ የበለጠ ያሳስበኛል። የጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅዱ የመረጃ አብዮትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር፤ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓትም በአገር ደረጃ ተዘርግቷል። ዲኤችአይኤስ 2 እዚህ በዋናነት የሚያገለግለው ለድምር ሪፖርት ነው፤ በወሩ ስንት ሰው በሳንባ ምች ታከመ የሚለውን ይነግራል። የአንዱን ታካሚ ካርድ ከራጁ ጋር ማገናኘት ሌላ ሥራ ነው፤ ይህ ሥራ ሲጀመር ደግሞ ከሌላ አገር ሰው ጋር የማንጋራቸው ጉዳዮች አሉን።

ስምን እንውሰድ። ዳይኮም የሰውን ስም በአምስት ክፍል ይይዛል፤ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የግል ስም ይከተላል፣ ከዚያ የመካከለኛ ስም፣ ማዕረግና ቅጥያ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ማሽን ላይ የአባት ስም በቤተሰብ ቦታ ይገባል፣ በሌላው የአያት፣ በሦስተኛው የራስ። ከዚያ ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ፀጋዬ በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። በእኛው ፊደል ይጻፍ ብንል፣ ዳይኮም የእኛንም ፊደል የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደል ኮድ ስለሚቀበል ይቻላል፤ ሆኖም ኃይሉንና ሀይሉን፣ ሠናይትንና ሰናይትን ኮምፒውተሩ የተለያዩ ሰዎች ያደርጋቸዋል፣ ፊደሎቹ አንድ ድምፅ መሆናቸውን የነገረው ከሌለ።

ዘመን አቆጣጠሩ ከዚህ ይብሳል። ዳይኮም ቀንን በስምንት አኃዝ ይጽፋል፤ ወሩ ከ01 እስከ 12 ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ወሩ አሥራ ሦስተኛ ስለሆነ አይጻፍለትም፤ መጻፍ ያለበት 20190908 ተብሎ ነው። ጳጉሜን ቢያንስ ተቀባይነት ስለማታገኝ ስሕተቷ ይታያል። የማይታየው የሌሎቹ ወራት ነው። ጥር 2011 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱ ሳይቀየር 2011 ተብሎ ከገባ ማሽኑ ሳያንገራግር ይቀበላል፤ ልጁም በስምንት ዓመት ያረጃል። የልጆች እድገት ሲያሳስብ የግራ እጅና አንጓ ራጅ ተነሥቶ የአጥንቱ ብስለት ከዕድሜው ጋር ይነጻጸራል። የስድስት ዓመት ልጅ የአሥራ አራት ተብሎ ከተመዘገበ አጥንቱ እጅግ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። ምስሉ ትክክል ነው፣ ያነበበውም ትክክል አንብቧል፤ ጤነኛው ልጅ ግን በሌለበት በሽታ ደም ሊቀዳና ለተጨማሪ ምርመራ ሊላክ ነው።

ስለዚህ ከሶፍትዌር ግዢ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ ባይ ነኝ፤ አብዛኛው ውድ አይደለም። ራድሌክስና ሎይንክ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሚታዘዙት የምስል ምርመራዎች ዓይነት ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው። ራዲዮሎጂስቱ፣ የራጅ ባለሙያው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛውና የኮምፒውተር ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዱን ምርመራ በአማርኛ ምን እንደሚሉት፣ በመስፈርቱ የትኛው እንደሆነ፣ ቀኝና ግራው የት እንደሚጻፍ ቢስማሙ፣ የዕውቀት ሞዴሉ ሥር ያዘ ማለት ነው። የልደት ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር የሚይዝ አንድ ቅጽ፣ ስሙን በራስ፣ በአባትና በአያት ለይቶ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል የሚልክ አንድ ደንብ ይጨመርበት። ከዚያ ሐኪሙ መጠየቂያው ላይ «እጅ» ብሎ ሲጀምር ስክሪኑ ጣት፣ መዳፍ፣ አንጓ፣ ክንድ፣ ክርን፣ ትከሻ ብሎ ይዘረዝርለትና ቀኝ ነው ግራ ብሎ ይጠይቀው።